ስደተኛው ጣፋጭ ሠሪ ዶሜኒኮ ጊራርዴሊ፤ የአንድ ነጋዴና አባወራ ታሪክ

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሌላውን ነጋዴ ታሪክ ሲሰማ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል አተረፈ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትርፍ የሌለው ንግድ ብዙ አይቆምምና። ይሁን እንጂ የነጋዴ ሕይወት በትርፉ ዓመታት ብቻ ቢመዘን ሚዛኑ ጎደሎ ይሆናል። ነጋዴ በእውነት የሚታወቀው ሱቁ በተቃጠለ ማግሥት፣ ባለዕዳዎቹ ደጁን በመቱበት ቀን፣ እንዲሁም እርጅና መጥቶ ቁልፉን ለማን እንደሚያስረክብ በሚያስብበት ሰዓት ነው። እነዚህን ሦስት ፈተናዎች በአንድ ዕድሜ ውስጥ አይተው ያለፉ ነጋዴዎች ብዙ አይደሉም። ካለፉትም መካከል አንዱ ኢጣልያዊው ዶሜኒኮ ጊራርዴሊ ናቸው።

እኒህ ሰው በሙያቸው ጣፋጭ ሠሪ፣ በኑሯቸው ስደተኛና ባለሱቅ፣ በቤታቸውም የብዙ ልጆች አባት ነበሩ። በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ያቋቋሙት የቸኮላታ ንግድ ከ1852 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ አስቀድመን እናሳስባለን።

እኛ ኢትዮጵያውያን የኢጣልያን ሰው የምናውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በጦርነትና በወረራ ነው፤ ይህም ከቶ የሚረሳ አይደለም። ከጄኖቫ የተነሣው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በ1869 ዓ.ም. በአሰብ ጠረፍ መሬት ገዝቶ በ1882 ዓ.ም. ለኢጣልያ መንግሥት ማስተላለፉ፣ በንግድ ስም የተጀመረ ነገር ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ያስተማረን የመጀመሪያው ምልክት ነበር። ሁለተኛው መንገድ ግን በእጅ ሙያ ነው። ግንበኛው፣ መካኒኩ፣ ዳቦ ጋጋሪውና የቡና ቤት ባለቤቱ በከተሞቻችን ከሰው ጋር ተላምደው ኖረዋል። ፋብሪካ፣ ፊርማ፣ ጎማ፣ ማኪያቶ የሚሉት ቃላት፣ ቸኮላታ የሚለው ቃል ራሱ ጭምር፣ ከእነርሱ ቋንቋ ወደ ገበያችን ገብተው የቀሩ ናቸው። ዶሜኒኮ ጊራርዴሊ የተወለዱት በዚያው በጄኖቫ አቅራቢያ ባለው ጠረፍ ቢሆንም፣ ከኋላቸው መርከብም ሠራዊትም አልነበረም። ወጥተው የሄዱት እንደ ማንኛውም ስደተኛ በሙያቸው ተማምነው ነው።

ከራፓሎ እስከ ሊማ

ጊራርዴሊ የካቲት ወር 1817 ዓ.ም. በራፓሎ ተወለዱ። ራፓሎ በጄኖቫ ምሥራቅ በባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ኢጣልያ የሚባል አንድ መንግሥት ገና አልነበረም፤ ራፓሎ የምትገዛው በሰርዲንያ መንግሥት ሥር ነበር። የኢጣልያ አንድነት መንግሥት የታወጀው እርሳቸው አገራቸውን ለቀው ከወጡ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1861 ዓ.ም. ነው።

ገና በልጅነታቸው በጣፋጭ ሠሪ ዘንድ ተለማማጅ ሆነው ገቡ። የዚያን ጊዜ ተለማማጅነት ማለት ስኳርን እንዴት እንደሚያነጥሩት፣ ቅመምን እንዴት እንደሚመጥኑት፣ ካካዎን እንዴት እንደሚቆሉትና እንደሚፈጩት ከጌታው እጅ እያዩ መማር ነው። የጄኖቫ ወደብ የሩቅ አገር ቅመምና ስኳር የሚራገፍበት ስለ ነበረ፣ በዚያ የሚማር ልጅ ሸቀጡ ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ በዓይኑ እያየ ያድጋል። አንድ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ ቢደፍር ይህ አያስገርምም።

በ1837 ዓ.ም. ገደማ ኤሊዛቤታ ኮርሲኒ የተባሉትን የመጀመሪያ ሚስታቸውን አግብተው ወደ ደቡብ አሜሪካ ወደ ኡራጓይ ተጓዙ። በዚያ ብዙም ሳይቆዩ በ1838 ዓ.ም. ወደ ፔሩ ዋና ከተማ ወደ ሊማ ተሻገሩና የጣፋጭ ሱቅ ከፈቱ። በስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ መካከል ዶሜኒኮ የሚለው ስማቸው ዶሚንጎ ተብሎ ተለወጠ፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜም በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ሚስታቸው በሊማ ሳሉ ሞቱባቸው። ከዚያም እንደ እርሳቸው የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን ካርሜን አልቫራዶን አግብተው ቤታቸውን እንደገና አቆሙ። በንግዳቸው ከደረሰው ጥፋት ሁሉ በፊት የመጀመሪያው ጥፋት የደረሰው በቤታቸው ነበር ማለት ነው።

አሥራ ስድስት ፈረሱላ ቸኮላታ

በሊማ ከጊራርዴሊ ሱቅ ጎን ጄምስ ሊክ የተባሉ አሜሪካዊ ፒያኖ ሠሪ ነበሩ። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ መንደር በእጅ ሙያ የሚኖሩ ስደተኞች በመሆናቸው ይተዋወቁ ነበር። ሊክ ንብረታቸውን ሸጠው ወደ ካሊፎርኒያ ለመሄድ ሲነሡ ከዕቃቸው ጋር 600 ፓውንድ ያህል የጊራርዴሊን ቸኮላታ ይዘው ሄዱ። ይህ በኪሎ 272 ሲሆን፣ በእኛ አገር የቡና ነጋዴ ሚዛን 16 ፈረሱላ ይሆናል።

ሊክ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሱት በጥር ወር 1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከተማዋ የዚያን ጊዜ ሺህ ያህል ሰው ብቻ የሚኖርባት መንደር ነበረች። እርሳቸው በደረሱ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ በዚያው ወር በ24ኛው ቀን፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ውስጥ ርቆ በሚገኝ የእንጨት መሰንጠቂያ አጠገብ ወርቅ ተገኘ። ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በ1850 ዓ.ም. የከተማዋ ሕዝብ ወደ 25,000 ደርሶ ነበር። ያ አሥራ ስድስት ፈረሱላ ቸኮላታ በቶሎ ተሸጠ፤ ሊክም ጎረቤታቸው ወደዚያ እንዲመጡ መከሯቸው ይባላል።

እዚህ ላይ አስመጪና ላኪ የሆነ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያ ቸኮላታ ለምን ተሸጠ? ሸቀጡ ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ከፍ ያለ፣ በባሕር ጉዞ በቀላሉ የማይበላሽ፣ ለደከመ ሠራተኛም ኃይል የሚሰጥ ስለ ነበረ ነው። ወርቅ ቆፋሪው ከቤተ ሰቡ ርቆ በድንኳን ይኖራል፤ እህሉ ደረቅ ነው፤ ጣፋጭ ነገር ይናፍቀዋል፤ በከረጢቱ ግን የወርቅ ብናኝ አለ። ባለሱቁም ዋጋውን በሚዛን እየመዘነ ይቀበለዋል። በዚያ ቦታ አንድ እንቁላል እስከ አንድ ዶላር የተሸጠበት ጊዜ እንደ ነበረ ተጽፏል። ብዙ ሰው ወርቅ ፍለጋ በሄደበት አገር፣ ወርቅ ፈላጊው የሚፈልገውን ያቀረበ ነጋዴ ከብዙዎቹ ቆፋሪዎች የተሻለ ዕድል ነበረው።

ጊራርዴሊ በ1849 ዓ.ም. ቤተ ሰባቸውን በሊማ ትተው ወደ ካሊፎርኒያ ሄዱ። እርሳቸውም እንደ ሌላው ሰው ለጥቂት ጊዜ ወርቅ መቆፈርን ሞክረዋል፤ ይሁን እንጂ ሥራቸው ይህ እንዳልሆነ ቶሎ ተረዱ። ስቶክተን በምትባል የወንዝ ወደብ፣ ወደ ደቡቡ የወርቅ ስፍራ የሚወጣው መንገድ መነሻ በሆነችው ከተማ፣ ለቆፋሪዎች ልዩ ልዩ ሸቀጥ የሚሸጡበት ሱቅ ከፈቱ። ጥቂት ቆይተውም በሳን ፍራንሲስኮ ሁለተኛ ሱቅ አቆሙ። አንዱ ሱቅ ቢደክም ሌላው ይደግፈዋል ብለው ያሰቡ ይመስላል። አሳቡ መልካም ነበር።

የ1851 ዓ.ም. እሳት

የዚያን ጊዜዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራች ከተማ ነበረች። ሰው በችኮላ መጥቶ በችኮላ ቤት ይሠራል፤ መብራቱ በዘይት፣ ማሞቂያው በእንጨት ነው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስም ብርቱ ነው። ከ1849 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1851 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስድስት ታላላቅ እሳቶች ከተማዋን አጥፍተዋታል። ከሁሉ የከፋው በግንቦት ወር 1851 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሌሊት የተነሣው ነበር፤ አብዛኛውን የንግድ ሰፈር አመድ አድርጎታል። የጊራርዴሊም ሱቅ ከነሸቀጡ ተቃጠለ።

በሁለት ቦታ ሱቅ ያለው ሰው በእንዲህ ያለው ጊዜ «ሌላው ይበቃኛል» ብሎ ይጽናናል። ነገር ግን ጥቂት ቀን ሳያልፍ በስቶክተንም እሳት ተነሥቶ የዚያኛውን ሱቅ አጠፋው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሁለት ዓመት ድካም በሁለት ከተማ ጠፋ። የኢንሹራንስ ውል በዚያ ስፍራ እንደ ዛሬው የተለመደ ነገር አልነበረም፤ የተቃጠለ ዕቃ ተቃጥሎ የሚቀርበት ዘመን ነው።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጠው ወደየአገራቸው ተመለሱ። ጊራርዴሊም የሊማ መንገድ አልተዘጋባቸውም ነበር። ይሁን እንጂ እሳቱ የበላው ዕቃውን እንጂ ሙያውን አለመሆኑን ያወቁ ሰው ነበሩ። ከጥፋት በተረፈቻቸው ጥቂት ገንዘብ በዚያው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ «የካይሮ ቡና ቤት» የተባለ ቤት ከፈቱ። ቡና ቤት ብዙ ሸቀጥ መከመር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሚቆላና የሚያፈላ እጅ ነው። በተከታዩ ዓመት በ1852 ዓ.ም. ከአንድ ሸሪክ ጋር ሆነው ቸኮላታና ጣፋጭ ወደ መሥራቱ ተመለሱ። በስቶክተን ሱቃቸው ሌላው የሠራውን ዕቃ እያመጡ ይሸጡ ነበር፤ ከእሳቱ በኋላ ግን ገበያ የወጡት ራሳቸው የሠሩትን ዕቃ ይዘው ነው። ድርጅቱም የልደቱን ዓመት የሚቆጥረው ከዚህ ጀምሮ ነው።

ሚስታቸውና ልጆቻቸውም ከሊማ ተከትለዋቸው መጡ። ከዚያ ወዲህ የጊራርዴሊ ቤት በካሊፎርኒያ ተተከለ፤ ልጆቹም የአባታቸውን ሥራ እያዩ አደጉ።

የተንጠለጠለው ከረጢት

የካካዎ ፍሬ ተቆልቶ ሲፈጭ ዱቄት አይሆንም፤ እንደ ወፍራም ሊጥ ይሆናል። ምክንያቱም ከፍሬው ውስጥ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። በዚያ ዘመን ቸኮላታ በአብዛኛው የሚጠጣ ነገር ነበር። ቅባቱ ግን በጽዋው ላይ ይንሳፈፋል፤ ለሆድም ይከብዳል። በ1828 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ሰው ቅባቱን በመጭመቂያ መሣሪያ ለይቶ የማውጣት መብት በመንግሥት አስመዝግቦ ነበር፤ ሆኖም ይህ ጠንካራ መሣሪያ የሚያሻው ሥራ ነው።

በ1865 ዓ.ም. ገደማ በጊራርዴሊ መሥሪያ ቤት ቀለል ያለ ሌላ መንገድ ተገኘ። የተፈጨውን ካካዎ በጨርቅ ከረጢት አድርገው በሞቀ ክፍል ውስጥ ሲያንጠለጥሉት ቅባቱ ቀልጦ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ በከረጢቱ የሚቀረውም በቀላሉ የሚፈጭ ደረቅ ነገር ይሆናል። ይህ ዘዴ ብሮማ የሚባል ስም ተሰጥቶታል። ቅቤ ያነጠረች ወይም አይብ በጨርቅ ያጠለለች የቤት እመቤት የነገሩን አሠራር ያለ አስተማሪ ትረዳዋለች። ከዚህ ደረቅ ካካዎ ከስኳር ጋር ተደባልቆ የተሠራው የተፈጨ ቸኮላታ በቀላሉ የሚሟሟ፣ ሳይበላሽ ብዙ የሚቆይ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ወደ ሩቅ አገር ሊላክ የሚችል ሆነ። የድርጅቱ ዋና ሸቀጥም እርሱ ሆነ።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1866 ዓ.ም. ድርጅቱ በዓመት ያስገባው የነበረው የካካዎ ፍሬ 1,000 ፓውንድ ያህል ነበር፤ ይህ 454 ኪሎ፣ ማለትም አራት ኩንታል ተኩል ነው። በ1885 ዓ.ም. ግን ያስገባው 450,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ2,000 ኩንታል በላይ ነበር። ከቸኮላታው ጋር ቡናና ቅመማ ቅመም፣ ሰናፍጭም ጭምር ይሸጥ ነበር። በኋላ በሠሩት ታላቅ ፋብሪካ ውስጥ አንዱ ሕንጻ እስከ ዛሬ «የሰናፍጭ ቤት» እየተባለ ይጠራል።

ኪሳራ

ከአራት ኩንታል ተኩል ወደ 2,000 ኩንታል የወጣው መንገድ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በመካከሉ አንድ ታላቅ ገደል አለ።

በ1869 ዓ.ም. የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ተፈጸመ። ቀድሞ ከምሥራቁ ክፍል የሚመጣ ሸቀጥ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሮ ብዙ ወር በባሕር ይጓዝ ነበር፤ ይህም ርቀት ለካሊፎርኒያ ነጋዴና ሠሪ እንደ አጥር ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ባቡሩ ሲመጣ አጥሩ ወደቀ። የምሥራቁ ፋብሪካዎች ዕቃ በቀናት ውስጥ መድረስ ጀመረ፤ የብዙ ሸቀጥ ዋጋ ወረደ፤ በብድር ብዙ ዕቃ የከመረ ነጋዴም ተጨነቀ። ሰው ሁሉ ብልጽግና ያመጣልናል ብሎ የጠበቀው ባቡር ለብዙዎቹ የአገሩ ነጋዴዎች በመጀመሪያ ያመጣላቸው ተወዳዳሪን ነበር።

በተከታዩ ዓመት በ1870 ዓ.ም. ጊራርዴሊ ከሰሩ። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ። በኦክላንድ የነበራቸው ቤት ጭምር ተሸጠ። እሳት የበላው ሱቅ የሰውን ርኅራኄ ያስከትላል፤ ኪሳራ ግን ሐሜት ያስከትላል። በእሳት ጊዜ ሰው «እግዜር ያጽናህ» ይላል፤ በኪሳራ ጊዜ «ድሮም አካሄዱ አላማረኝም» ይላል። አባወራ ከሆነም ውርደቱ በእርሱ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ሚስቱም ልጆቹም ከለመዱት ቤት ይወጣሉ።

እንግዲህ ከዚህ ኪሳራ የተረፈው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛው ሙያው ነው። ሁለተኛው በሸቀጡ ላይ የተጻፈው ስም ነው፤ ሕዝብ ቆርቆሮው ላይ ጊራርዴሊ የሚለውን ሲያይ በውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ይህንም ዕውቀት ሊወርስ የሚችል ባለዕዳ የለም። ሦስተኛው ልጆቹ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ አድገው ለሥራ ደርሰዋል። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ቆመው ድርጅቱን እንደገና አነሡት። ከላይ የጠቀስነው የ1885 ዓ.ም. ቁጥር ከኪሳራው በኋላ በአሥራ አምስተኛው ዓመት የተገኘ ነው።

ቁልፉን ማስረከብ

በ1892 ዓ.ም. ዶሜኒኮ ጊራርዴሊ በፈቃዳቸው ከሥራ አስኪያጅነት ለቀው ድርጅቱን ለሦስት ወንዶች ልጆቻቸው አስረከቡ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ነበር። በዚህ ጽሑፍ ከተነገረው ነገር ሁሉ ይህ ትንሽ የሚመስለው ነገር ምናልባት ትልቁ ነው። ካስረከቡ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖረዋልና፤ ልጆቹ ድርጅቱን የተረከቡት ከመቃብር አፋፍ ላይ ሳይሆን አባታቸው በሕይወት ሳሉ፣ የሚጠይቁትን የሚመልስላቸው ሰው ሳለ ነው።

ልጆቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሚከተለው ዓመት በ1893 ዓ.ም. በባሕሩ ዳር አንድ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ የቆመበትን ቦታ ገዝተው የቸኮላታውን ሥራ ወደዚያ አዛወሩ። በየጊዜውም በጡብ የተሠሩ ሕንጻዎችን ጨመሩበት። በ1906 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮን ያጠፋው የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ሲመጣ ይህ ፋብሪካ ከጥፋቱ ተረፈ። የአባታቸውን ሱቅ በ1851 ዓ.ም. የበላችው ከተማ ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ እንደገና ስትቃጠል የልጆቹ ፋብሪካ ቆሞ ቀረ።

ስሙንም ጠበቁት። ጊራርዴሊ የሚለው ስም ለአሜሪካ ሰው አፍ አስቸጋሪ ነበር። ልጆቹ ግን ለገበያ ሲሉ ስሙን ወደ ቀላል የእንግሊዝ ስም አልለወጡትም። ይልቁንም ስሙን እንዴት እንደሚጠሩት ለሕዝብ የምታስተምር በቀቀን በማስታወቂያቸው ላይ ሣሉ። ደምበኛው እየሳቀ ስሙን ተማረ፤ አንድ ጊዜ የተማረውንም ስም አልረሳውም።

አባትየው በዕድሜያቸው መጨረሻ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ራፓሎ ሄደው ሳለ በጥር ወር 1894 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። አስከሬናቸው ግን ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሶ በኦክላንድ በሚገኘው በቤተ ሰቡ የመቃብር ቤት ዐረፈ። የስደተኛ ሰው ነገር ይህ ነው፤ በእርጅናው የተወለደበትን አገር ይናፍቃል፤ ሲሞት ግን ስፍራው ልጆቹ ያሉበት ይሆናል።

የቤተ ሰቡ ባለቤትነት በ1963 ዓ.ም. አበቃ። ድርጅቱን የገዛው ራሱም በኢጣልያ ስደተኛ የተመሠረተ የሳን ፍራንሲስኮ የፓስታና የማካሮኒ ኩባንያ ነበር። ቸኮላታ መሥራቱም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አሮጌዎቹ የጡብ ሕንጻዎች እንዳይፈርሱ ያሰቡ ሰዎች ቦታውን ገዝተው አደሱትና ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የሱቆችና የምግብ ቤቶች አደባባይ አደረጉት፤ ዛሬም «የጊራርዴሊ አደባባይ» ይባላል። ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የስዊስ አገሩ የሊንት ቸኮላታ ኩባንያ ንብረት ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ቢለወጥም ስሙን የለወጠ ግን የለም፤ ገዢዎቹ ዋጋ የከፈሉት በአብዛኛው ለስሙ ነበርና።

ለእኛ ገበያ

ይህን ታሪክ ለማጽናኛ ያህል ብቻ አንብበን ብንተወው ጥቅሙ ትንሽ ይሆናል። ወደ ራሳችን ገበያ መልሰን ብናየው ግን የሚያሳስብ ነገር እናገኝበታለን።

በነጋዴ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚያየው ነገር አለ። በብዙ የንግድ ቤት ውስጥ ዋናው መዝገብ በመደርደሪያው ላይ ያለው ሳይሆን በባለቤቱ ራስ ውስጥ ያለው ነው። ማን በዱቤ እንደ ወሰደ፣ የትኛው የውጭ አገር ላኪ በቃሉ እንደሚገኝ፣ የትኛው ሸቀጥ በየትኛው ወር እንደሚፈለግ፣ ለየትኛው ደምበኛ ዋጋ እንደሚቀነስ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ በኪሱ ነው፤ የባንኩ ፊርማ የእርሱ ብቻ ነው። ይህ ሰው ታሞ አንድ ወር ቢተኛ ንግዱም አብሮት ይተኛል። ቢሞት ደግሞ ወራሾቹ የሚወርሱት ሸቀጥና ሕንጻ እንጂ ንግድ አይደለም። ሸቀጡ ይከፋፈላል፣ ሕንጻው ይከራያል፣ አርባ ዓመት የተደከመበት ስምም ከተሰቀለበት ግድግዳ ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ የተዘጋ ታላቅ ሱቅ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም።

ብዙ አባቶች ልጆቻቸውን ለማስተማር ገንዘባቸውን ሳይቆጥቡ ያወጣሉ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ «ተምሮ መሥሪያ ቤት ይግባልኝ፣ የእኔን አቧራ አይብላ» ይላሉ። ልጁም የአባቱን ንግድ እንደ ማፈሪያ ቆጥሮ ያድጋል። ሳይታወቅ አባትየው ሲያረጅ የተማረው ልጅ ንግዱን አያውቅም፤ ንግዱን የሚያውቀው አባት ደግሞ ለማስተማር ጊዜው አልፎበታል። ትምህርትና ንግድ ተቃራኒ አይደሉም። ዲግሪ ያለው ልጅ በክረምት ዕረፍቱ ሚዛን ላይ ቆሞ የቡናን ደረጃ ቢለይ፣ የዕቃ ማዘዣ ቢጽፍ፣ የጉምሩክ ሥርዓት ቢማር ትምህርቱ አይቀንስበትም።

ስለ ሸቀጡም አንድ ቃል እንጨምር። ጊራርዴሊ በወደቡ ያራግፉ የነበሩት ጥሬ የካካዎ ፍሬ ነው፤ በገበያ የታወቁት ግን በፍሬው ሳይሆን ከፍሬው በሠሩት ነገር ነው። ፍሬውን ያመረቱት የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ገበሬዎች ስም በቆርቆሮው ላይ አልተጻፈም። ቡና ለዓለም በምትልክ አገር የሚኖር ነጋዴ ይህን ነገር ሳያስበው ሊያልፍ አይገባውም። ጥሬውን የሚልክ ሰው ዋጋ የሚወስንለት ሌላ ነው፤ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አሽጎ፣ ስሙን ጽፎ የሚልክ ግን በዋጋው ላይ የራሱም ቃል ይኖረዋል። መንገዱ ከባድ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ማሸጊያው፣ የጥራቱ ቁጥጥር፣ የደምበኛው አመኔታ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። የጊራርዴሊም ሥራ ከ1852 ዓ.ም. እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ በመካከሉም አንድ ኪሳራ ነበረበት።

ዶሜኒኮ ጊራርዴሊ ጠቢብ ወይም ጻድቅ ነበሩ ብለን አልጻፍንም። ሸቀጣቸው የተቃጠለባቸው፣ አንድ ጊዜም የከሰሩ፣ ከአራት አገር አየር ጋር የተላመዱ አንድ ጣፋጭ ሠሪ ነበሩ። እሳት ሱቃቸውን፣ ኪሳራም ቤታቸውን ወስዶባቸዋል። ሙያቸውን ግን ለልጆቻቸው አስተምረው፣ ስማቸውን በሸቀጡ ላይ ጽፈው፣ ቁልፉን በእጃቸው አስረከቡ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ማታ ሱቁን ቆልፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አንባቢ ሁሉ፣ ነገ እርሱ ባይመጣ ያንን በር የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ፣ የሚከፍተውም ሰው በውስጡ ምን እንዳለ ያውቅ እንደ ሆነ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። መልሱ ዝምታ ከሆነበት፣ ነገ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ልጁን ይዞ ቢመጣ ገና አልዘገየም።